መታጠፊያው ላይ የቆመ ሞተር

ሞተሩ ገደሉ ውስጥ በጎኑ ተጋድሟል። የፊት ጎማው ተጣሟል፣ የነዳጅ ታንከሩ ተጨራምቷል፣ መስታወቶቹ ደቅቀዋል። ይህ ኢንስፔክተሯን አላስገረማትም፤ ከዚያ ሁሉ ከፍታ የወደቀ ነገር ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? ዓይኗን የያዘው አንድ ቀጭን ብረት ነው። ሞተር ሲቆም ዘንበል ብሎ የሚደገፍበት ስታንድ እንደተዘረጋ ቀርቷል።

«ማንም እንዳይነካው» አለች፣ ሱሪዋን ከያዛት እሾህ ጋር እየታገለች።

ባለሞተሩን ያገኘው የመንገድ ሠራተኞቹ ፎርማን ከላይ አጎንብሶ ያያታል። «ሰውዬው እዚያ ድረስ አልወረደም» አላት። «እዚህ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ቁጥቋጦ ይዞት ነው ያገኘነው። ይተነፍስ ነበር።»

«የሞተሩን ቁልፍ አንስታችኋል?»

«ኧረ እኛ ምንም አልነካንም።»

ቁልፉ የተገኘው ሆስፒታል ውስጥ፣ ራሱን ስቶ ከተኛው ሰውዬ ጃኬት ኪስ ነው፤ ዚፑም ተዘግቶበታል። ኢንስፔክተሯ ይህን ስትሰማ ልቧ ጮቤ ረገጠ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ደስታዋን መሸሸግ አትችልም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ስታንድ ዘርግቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የወረደ ሰው እየከነፈ ገደል አይገባም። እግረኛ ሆኖ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው ገጭቶታል። ከዚያ ያው ሰው የቆመውን ሞተር ገፍቶ ገደል ከትቶ፣ ነገሩን የራሱ የባለሞተሩ ጥፋት አስመስሎ ሄዷል።

ተጎጂው መካኒክ ነው። ሳምንቱን የሰው ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ይከርምና እሑድ ሲመጣ የራሱን አስነስቶ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ተራራው ይወጣል። የዚያን እሑድ አራት ነበሩ፦ መካኒኩ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ዳቦ» የሚለው ባለ ዳቦ ቤት፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ እና መንጃ ፈቃዷን በቅርቡ ያወጣችው የመካኒኩ ልጅ። አናቱ ላይ ካለው ምግብ ቤት ምሳ በሉ። ከዚያ ትንሽ እልፍ ሲባል መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አዲሱ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፣ አሮጌው ደግሞ መኪና ከተወው የቆየ፣ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወርድ ጠባብ አቋራጭ ነው። ሁለቱም ከተማው ዳር፣ ዘወትር የሚሰባሰቡበት የመካኒኩ ጋራዥ አጠገብ ይገናኛሉ። ሲወጡ አራቱም በአዲሱ ነበር የመጡት፤ ሲመለሱ ግን መካኒኩ ቀድሞ ተነሳና ብቻውን በአሮጌው ወረደ። ዳቦ፣ ልጅቷና የጥርስ ሐኪሙ በዚሁ ቅደም ተከተል ተነሱ፤ ሦስቱም በአዲሱ ነው የወረድነው ይላሉ።

«ልጅቷ ናት» አለ አለቃዋ ኮማንደሩ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ። «ምሳ ላይ ከአባቷ ጋር ተጨቃጭቃለች። ሞተሯ በአንድ ጎኑ ተጭሯል። የጎማዋ ዱካ አሮጌው መንገድ መግቢያ ላይ ተገኝቷል። ተናዳ ተከተለችው፣ ገጨችው፣ ደነገጠች፣ ሞተሩን ገፋች። ምኑ ነው ያልገባሽ?»

«መካኒኩ ለምን ወርዶ እንደቆመ።»

«እሱን ሲነቃ ጠይቂው። ሐኪሞቹ ማክሰኞ ጠዋት ማደንዘዣውን እንቀንስለታለን ብለዋል፤ ይንቃ አይንቃ ግን እነሱም አያውቁም። እኔ ማክሰኞ ከሰዓት ፋይሏን ለዓቃቤ ሕግ እልካለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን አንስታ ወጣች።

ልጅቷ የምርመራ ክፍሉ ውስጥ የሞተር ጫማዋን እንዳደረገች ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

«ከአባትሽ ጋር ለምን ተጣላችሁ?»

«አሮጌውን መንገድ ገና አትችዪውም አለኝ። ሰው ፊት። ‹መታጠፊያ ላይ እጅሽ ይደርቃል፣ በአዲሱ ውረጂ› አለኝ። እኔም የማይባል ነገር ተናገርኩ።»

«ምን አልሽው?»

«‹አንተ ካረጀህ ደግሞ ቤትህ ቁጭ በል› አልኩት።» አንገቷን ደፋች። «ምንም አልመለሰልኝም። ሄልሜቱን አንስቶ ሄደ።»

«ጭረቱስ?»

«ምግብ ቤቱ በር ላይ ስታንድ ሳላወርድ ለቀቅኩት፣ ወደቀ። የጥርስ ሐኪሙ አይቶ በሳቅ ሊሞት።»

«የጎማሽ ዱካ አሮጌው መንገድ ላይ ምን ይሠራል ታዲያ?»

«ልከተለው ገብቼ ነበር» አለች ልጅቷ። «የመጀመሪያውን ጠምዛዛ ሳየው ቆሌዬ ተገፈፈ። ተመለስኩ። ለእነ ጋሼ ዳቦ ፈርቼ ተመለስኩ ልበላቸው? ዓመት ሙሉ መሳቂያ ልሁን?» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ብቀጥል ኖሮ አገኘው ነበር አይደል? ያን ሁሉ ሰዓት ብቻውን አይተኛም ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ልጅቷን አምናታለች፤ ግን ከዚህ ቀደምም ያመነቻቸው ሰዎች ጉድ ሠርተዋታልና ለእምነቷ ብዙ ዋጋ አትሰጠውም።

የጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ውስጥ ከበሽተኛ ወንበር በቀር መቀመጫ ስላልነበረ እሱ ላይ ወጣች። ሐኪሙ በልማዱ መብራቱን ወደ አፏ አዞረና ነገሩ ትዝ ሲለው መልሶ አጠፋው። የግራ እጁ አንጓ ላይ ፋሻ ጠምጥሟል።

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ወለም ብሎኝ ነው።»

«የት?»

«እንዲሁ... እቤት።»

«ከምግብ ቤቱ በመጨረሻ ተነሱ፣ ጋራዡም የደረሱት በመጨረሻ ነው። ያውም ልጅቷ ከደረሰች ብዙ ቆይተው። እርስዎ ደግሞ ሲነዱ ችኩል ነዎት ይባላል።»

«በዝግታ ነዳሁ። ዝግታ ወንጀል ነው እንዴ?»

«መካኒኩ ምሳ ላይ ‹ሞተርህን ሽጥና ሶፋ ግዛ› ብሎዎታል አሉ።»

ሐኪሙ ፊቱ ደም መሰለ። «እሱ ሁሌም እንዲህ ነው የሚለኝ። ጓደኛዬ ነው!» ስለ ራሱ ከዚህ በላይ አልተናገረም። የልጅቷ ሞተር ምግብ ቤቱ በር ላይ መውደቁን ግን ፈገግ ብሎ መሰከረ። ኢንስፔክተሯ ከወንበሩ ስትወርድ ይህ ሰው እየዋሸ መሆኑን እርግጠኛ ነበረች፤ ስለምን እንደሚዋሽ ነው ያላወቀችው።

ዳቦ ዘንድ መሄድ ግን እፎይታ ነበር። ዳቦ ቤቱ ሞቅ ያለ፣ ሰውዬውም ሞቅ ያለ። ወፍራም፣ እጁ ሙሉ ሊጥ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ ቀልድ የማይጠፋው ሰው ነው።

«እኔ እንኳ ከሁሉም ቀድሜ ነው የደረስኩት» አላት። «ሊጥ አቡክቼ ትቼ ነበር፤ ሊጥ ደግሞ እንደ ሚስት ነው፣ ቆይ አይሉትም። በአዲሱ ፈትለክ ብዬ ወረድኩ፣ ጋራዡ ደርሼ የመካኒኩ ባለቤት ሻይ ቀዳችልኝ። ይጠይቋት።»

ጠይቃት ነበር። ልክ ነው።

«አሮጌውን መንገድ አይወዱትም?»

«ድሮ ነው። በዚያ ከወረድኩ ዓመት አልፎኛል። ይቺ ቦርጭ አትታጠፍልኝም።» ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው። «ኢንስፔክተር፣ ልጅቷን ልቀቋት። በእጄ ነው ያደገችው። ዋስ ካስፈለገ እኔ አለሁ።» ለሆስፒታሉ ያዘጋጀውን የዳቦ ዘምቢል አንስቶ ከውስጡ አንዱን ትኩስ እጇ ላይ አስቀመጠላት። መንገድ ላይ እየቆረሰች ጨረሰችው። ዳቦው ጣፋጭ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት ወደ አሮጌው መንገድ ተመለሰች። ፖሊስ መካኒኩ ከተገኘ ጀምሮ መንገዱን ከላይም ከታችም ዘግቶታል። ፎርማኑ ገደሉን ወደሚያሳየው መታጠፊያ ወሰዳት። እዚያ ጋ መንገዱ በቋጥኝ ተጋርዶ በድንገት ይታጠፋል፤ ከቋጥኙ ወዲያ ያለውን ከመታጠፉ በፊት ማየት አይቻልም። ልክ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ በቋጥኙ በኩል፣ ጎማ የሚውጥ ጉድጓድ ተከፍቷል።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቅዳሜ ሌሊት የጣለው ዝናብ ከሥር በልቶት ነው» አለ ፎርማኑ። «ቅዳሜ አመሻሽ እዚሁ ቦይ ስንጠርግ መንገዱ ደህና ነበር። እሑድ ዝናቡ ምን ጎድቶ ይሆን ብለን ስንመጣ ነው ሰውዬውን ያገኘነው።»

«ይህን ጉድጓድ ለማን ነግራችኋል?»

«ለእርስዎ። አፋችሁን ዝጉ ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

አሁን ትዕይንቱ ተገለጠላት። መካኒኩ እየወረደ ሳለ ጉድጓዱ ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ይተርፋል። ሞተሩን ከታች ያቆማል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፣ ወደ ላይ ተመልሶ መንገዱ ላይ ይቆማል። የባለሞተሮች ሕግ ነው፤ መጀመሪያ አደጋ ያየ ሰው ቆሞ ከኋላ የሚመጣውን ያስጠነቅቃል። ግን ማንን? ሁሉም በአዲሱ እንደሚወርዱ ያውቃል። በዚህ መንገድ ማንም አይመጣም። ማንም የማይመጣበት መንገድ ላይ ቆሞ ማንን ነበር የሚጠብቀው?

ጥያቄው እንዳይጠፋባት አእምሮዋ ውስጥ አስቀምጣ ወደ ፎርማኑ ዞረች። «ዛሬውኑ ድፈኑልኝ። ጉድጓድ የነበረበት እንዳይመስል አድርጋችሁ። ላዩ ላይ ለስላሳ አፈር አልብሱት።»

«ለምኑ?»

«ነገ በሞተር ልወርድበት ነው» አለችው። በዕድሜዋ ግን ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱም ከነሞተሮቻቸው ተራራው አናት ላይ ቆመዋል። ልጅቷ በፖሊስ መኪና ነው የመጣችው፣ ሞተሯም በጭነት። ጥርት ያለ ቀን ነበር።

«አንድ በአንድ በአሮጌው ታወርዱኛላችሁ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ የተዋሰችውን ሄልሜት ልትቆልፍ እየታገለች። «ከታች መኪና ይመልሰኛል፣ የሚቀጥለው ይወስደኛል። የየራሳችሁን አነዳድ ማየት ነው የምፈልገው። እንደለመዳችሁ ንዱ፤ ብቻ አትግደሉኝ።»

«የቱ ጋ ነው የወደቀው?» አለ ዳቦ።

«ሲደረስ እነግርዎታለሁ።»

መጀመሪያ ከሐኪሙ ኋላ ወጣች። ሰውዬው ሲነዳ ጥርስ የሚነቅል ነው የሚመስለው፤ ይስባል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይስባል። በመጀመሪያው ጠምዛዛ ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ጨፈነች። በሁለተኛው ገለጠችው። በሦስተኛው ነፋሱ አንገቷ ሥር ሲገባ፣ ሸለቆው አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየዘለለ ሲመጣ፣ ፍርሃቷ ወዴት እንደሄደ አታውቅም፣ ሳቅ ሳቅ አላት። ቋጥኙ ጋ ደረሱ። ሐኪሙ በውስጥ በኩል ታጥፎ በተደፈነው ጉድጓድ ላይ ቀጥ ብሎ አለፈ። ለስላሳው አፈር የጎማውን ዱካ ያዘ።

ታች ሲደርሱ ሐኪሙ ሞተሩን አጠፋና ግራ ቀኙን አየ። «ኢንስፔክተር» አለ በሹክሹክታ፣ «እሑድ ለታ ነዳጅ አለቀብኝ።»

«ምን?»

«በአዲሱ መንገድ መሐል ላይ። እስከ መንደሩ ገፋሁት፣ እጄም የዚያን ጊዜ ነው ወለም ያለኝ። አንድ በያጅ ነዳጅ ሰጠኝ። ይጠይቁት፣ ፎቶም አንስቶኛል፣ አረመኔ። ግን በፈጠረዎት ለእነዚያ እንዳይነግሩብኝ።»

«በነፍስ ግድያ ሙከራ መጠርጠር ይሻላል?»

«በጣም» አለ ሐኪሙ ከልቡ።

ቀጥሎ የልጅቷ ተራ ሆነ። «ካልቻልኩ አቆማለሁ» አለች።

«አቁሚ። ማንም አይስቅብሽም።»

የመጀመሪያውን ጠምዛዛ በእግር መሄድ በሚያህል ፍጥነት አለፈችው። ሁለተኛውንም። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። የልጅቷ ትከሻ ለቀቅ አለ፣ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ፣ መንገዱም ከእነሱ ጋር የታረቀ መሰለ። ዘንበል፣ ቀና፣ ዘንበል። ኢንስፔክተሯ ወገቧን አቅፋ አብራት ዘንበል ትላለች፤ ዛፎቹ ይሮጣሉ፣ ጠጠሩ ይፈናጠራል። ኢንስፔክተሯ እልል ልትል ምንም አልቀራትም፤ የፖሊስ መታወቂያዋ ነው የከለከላት። ቋጥኙን ልጅቷ በውስጥ በኩል ተለጥፋ ታጠፈች፣ በአፈሩ ላይ ቀጥ ብላ አለፈች። ሁለተኛ ዱካ።

ታች ሲደርሱ ሄልሜቷን አውልቃ እየሳቀች ታለቅሳለች። «ወረድኩት» ትላለች፣ ሌላ ቃል የጠፋባት ይመስል። «ወረድኩት እኮ።»

ኢንስፔክተሯ ልጅቷና ሐኪሙ አብረዋት ወደ አናቱ ተመልሰው በፖሊስ መኪና ከኋላ ቀስ ብለው እንዲከተሉ አዛ ወደ ዳቦ ሄደች።

ዳቦ ከሦስቱም የላቀ ነጂ ነው። ያ ሁሉ ገላ ሞተር ላይ ሲወጣ ይቀልላል። ፍሬን የነካ አይመስልም፣ ማርሽ ሲቀይር አይሰማም። እያንጎራጎረ ነው የሚነዳው።

«ዓመት አልፎኛል ለሚል ሰው በደንብ ይዘውታል» ብላ ጮኸችለት።

«እጅ አይረሳማ» አላት እየሳቀ።

ቋጥኙ ከሩቅ ታየ። ዳቦ ማንጎራጎሩን አቆመ። ራሱም ማቆሙን ያወቀ አይመስልም። ጀርባው ግትር አለ፣ ሞተሩ ቀዘቀዘ፤ ገና ከቋጥኙ ወዲህ እያሉ፣ ወዲያ ያለው መንገድ ሳይታይ፣ ሞተሩ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ተንሸራተተ። ጠርዙን ይዞ ዞረ። በግራ በኩል ለስላሳው አፈር ከሁለት የጎማ ዱካዎች ጋር ተዘርግቷል። ሦስተኛው ዱካ ዳር ዳሩን ዞሮ ነው ያለፈው።

«ያቁሙ» አለችው።

አቆመ። ወረደች።

«ምን ሸሹ?»

«እ?»

«መንገዱን ይዩት። ደህና ነው። ጓደኛዎም ልጅቷም በመሐሉ አልፈውበታል። እርስዎ ገደል አፋፍ የወጡት ምንን ሽሽት ነው?»

ዳቦ ዞሮ አየ። አፈሩን፣ ዱካዎቹን፣ እሷን። «ጠጠር... ጠጠር መስሎኝ።»

«ሳይታይ? ከቋጥኙ ወዲህ ሆነን ነው የወጡት። እዚህ ጋ ጉድጓድ ነበር። ቅዳሜ ሌሊት ተከፈተ፣ እሑድ መንገዱን ዘጋነው፣ ትናንት ደፈንነው። በዚህ መሐል ጉድጓዱን ያየ ሰው እሑድ ከምሳ በኋላ እዚህ ያለፈ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ዓመት አልፎኛል ብለውኛል።»

ሰውዬው ሞተሩ ላይ እንዳለ ሄልሜቱን አወለቀ። ያ ሁልጊዜ የሚስቅ ፊት እንዲህ ባዶ ሊሆን ይችላል ብላ አስባ አታውቅም።

«አንዴ ብቻ ልቀድመው ነበር» አለ። «ሃያ ዓመት ከኋላው ነድቻለሁ። በዚህ መንገድ እሱን የቀደመ የለም። ምሳ ላይ ልጅቷ ‹አርጅተሃል› ስትለው... አዎ፣ ዛሬ ይቻላል አልኩ። ልደርስበት ከነፍኩ። ስታጠፍ ጉድጓዱ። ከጉድጓዱ ስሸሽ እሱ መሐል መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።»

«ለምን ሰው አልጠሩም?»

«የሞተ መሰለኝ። ሞተሩን ገፋሁት፣ ራሱ የወደቀ እንዲመስል። ልሄድ ስል ከሥር ድምፅ ሰማሁ።» ዳቦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ማን እንደሆንኩ እንኳ አላየም። ‹ልጅቷ ከኋላ ናት› አለኝ። ‹ትመጣለች። አስቁማት።›»

«ከዚያስ?»

«ሄድኩ።»

ኢንስፔክተሯ ብዙ ወንጀለኛ አነጋግራለች፤ እንዲህ የተናደደችበት ጊዜ ግን ትዝ አይላትም። የዚህን ሰው ዳቦ በልታለች። እጁን ያዘችና ካቴናውን አጠለቀችለት።

የፖሊስ መኪናው ደርሶ ቆመ። ልጅቷ ወረደች። የዳቦን እጅ አየች፣ ኢንስፔክተሯን አየች።

«ነጻ ነሽ» አለቻት ኢንስፔክተሯ። «አባትሽ እዚህ የቆመው አንቺን ሊጠብቅ ነው። እንደማትሰሚው ያውቅ ነበር። በዚህ እንደምትመጪ እርግጠኛ ነበር።»

«እና ለምን አትችዪም አለኝ?»

«ምን ይበል? አባት ነው።»

ልጅቷ አፈሩ ላይ፣ የራሷ ጎማ ያለፈበት ላይ ቁጢጥ አለች። «እኔ ግን ፈርቼ ተመልሻለሁ» አለች። ሐኪሙ አጠገቧ ሄዶ ተቀመጠ።

የኢንስፔክተሯ ስልክ ጮኸ። የመካኒኩ ባለቤት ናት፤ ከሆስፒታል። እያለቀሰች ነው የምታወራው። «ነቃ! ዓይኑን ገለጠ! ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ነው የሚያወራው፤ ሐኪሞቹ አትስሙት፣ የማደንዘዣው ነው ይሉናል። ‹ልጅቷ አለፈች ወይ?› ይላል። ደጋግሞ እሱኑ ነው የሚለው።»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠች። «አባትሽ ነው። ጥያቄ አለው።»

ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። ከወዲያ ማዶ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ከዚያ የደከመ ድምፅ። ምን እንዳለ ሌላው አልሰማም።

«አልፌያለሁ አባዬ» አለች። «አሁን ከትንሽ በፊት። በአሮጌው።» አዳመጠች። «አይ፣ ኧረ አይደለም። ቀስ ብዬ ነው የወረድኩት። በጣም ቀስ ብዬ። ሰው ጭኜ ስለነበር... አዎ፣ ፖሊስ። ጠይቃት ከፈለግክ።»

ስልኩን ወደ ኢንስፔክተሯ ዘረጋችና በዓይኗ ለመነቻት።

የልጅቷን ወገብ አንቃ ይዛ፣ ዛፎቹ ሲሮጡ አይታ፣ እልል ልትል የደረሰችው ኢንስፔክተር ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «እውነቷን ነው ጋሼ» አለች። «በጣም ቀስ ብላ።»